አየርላንድ እርግማን ፈርታ መንገድ ማዞሯ ልክ ነው?

አወያይ፦ መነሻችን ይቺ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ክሌር በሚባለው አውራጃ አዲስ መንገድ ሲሠራ ላቱን በሚባል ስፍራ አንዲት እሾሃማ ዛፍ መስመሩ ውስጥ ገባች። ኤዲ ሌኒሃን የተባለ ተረት ነጋሪ "የፌሪዎች፣ የስውራኑ፣ መሰብሰቢያ ናት፤ የነካት መዘዝ ያመጣል" ብሎ ተሟገተ። ዛፏ ተረፈች። መንግሥት እንዲህ ያለውን መስማት አለበት?

መሐንዲሱ፦ የለበትም! በ2017 ዳኒ ሂሊ ሬይ የተባለ የኬሪ አውራጃ የፓርላማ አባል ለመንገድ መስመጥ ፌሪዎችን ምክንያት አድርጎ ነበር። አስፋልት ሲሰምጥ ከሥሩ ያለው አፈርና ውሃ ይፈተሻል እንጂ ማን ተቀየመ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?

ብራና፦ ወንድሜ፣ አገሪቱ ላይ ከ40 ሺህ በላይ ክብ የአፈር ምሽግ አለ። አብዛኛው ከሺህ ዓመት በፊት የገበሬ ግቢ የነበረ ነው። ሕዝቡ የፌሪ ምሽግ ስለሚለው ትራክተሩ ዙሪያውን አርሶ ያልፈዋል። ፌሪ ኖረም አልኖረም ዘበኝነቱን ሠርቷል።

መሐንዲሱ፦ ያው ተረት አይደል "ከሥሩ ወርቅ አለ" የሚለው? ዘበኛም ሌባም ራሱ ነው።

የአያት ልጅ፦ እዚህ ላይ ልግባ። በ1937–39 የአየርላንድ ተማሪዎች የሰፈር ሽማግሌ እየጠየቁ ተረት በደብተር ሲጽፉ "የተቀበረ ሀብት" አንዱ ርዕስ ነበር። የተለመደው አካሄድ ይኸው፦ ወርቁን የሚቀብሩት "ማን ይጠብቀዋል?" ይላሉ፤ "እኔ" ያለውን የዋህ እዚያው ገድለው አብረው ይቀብሩታል። ከዘመናት በኋላ አንዱ ሦስት ሌሊት በሕልሙ አይቶ ሊቆፍር ይሄዳል። አካፋው ድንጋይ ሲነካ ጥቁር ድመት ብቅ ትላለች፣ ወይም ቤቱ ሲነድ ይታየዋል። ሮጦ ሲደርስ ቤቱ ደህና ነው፤ ሲመለስ ጉድጓዱ ተደፍኗል። ባዶ እጁን ያልቀረ ቆፋሪ በነዚህ ተረቶች እምብዛም አይገኝ።

ብራና፦ አዎ! ባዕዱ ግን አይፈራም። ከ1899 እስከ 1902 "ብሪቲሽ እስራኤላውያን" የሚባሉት፣ እንግሊዞች የጠፉት የእስራኤል ነገዶች ዘር ናቸው ብለው የሚያምኑ ሰዎች፣ የጥንት የአየርላንድ ነገሥታት መቀመጫ በሆነው ታራ ኮረብታ ላይ ታቦተ ጽዮንን ፍለጋ ቆፍረው ጥንታዊውን ምሽግ አበላሹት። (አክሱም ናት የሚላቸው ጠፍቶ!) የአየርላንድ ጸሐፊዎቹ ዬትስ፣ ዳግላስ ሃይድና ጆርጅ ሙር በጋዜጣ ተቃወሟቸው።

መሐንዲሱ፦ እሺ፣ በመጨረሻ ቅርስ ቆፋሪዎችን ያስቆመው ምንድን ነው? ሕግ! በ1980 ዴሪናፍላን በሚባል የአየርላንድ ስፍራ አባትና ልጅ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ የቅዳሴ ጽዋና ፃሕል አገኙ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1987 ቅርሱ የመንግሥት ሆነ፣ በዚያው ዓመት መሣሪያ ይዞ ያለፈቃድ ቅርስ መፈለግም ተከለከለ። እርግማን የት ነበር?

ብራና፦ ሕጉ እስኪመጣ ሺህ ዓመት ማን ጠበቀው ነው የምልህ።

መሐንዲሱ፦ ምሽጉን እኔም አዞርልሻለሁ፤ ሰነዱ ላይ ግን "ቅርስ" ብዬ እጽፋለሁ። ስለ ብቸኛዋ ዛፍ ምን ብዬ ልጻፍ?

የአያት ልጅ፦ በነገራችን ላይ በ2002 አንድ ሰው ያቺን ዛፍ ቅርንጫፎቿን ሙልጭ አድርጎ ቆርጧት ነበር።

መሐንዲሱ፦ እና እርግማኑ ደረሰበት?

የአያት ልጅ፦ እሱን እንጃ። እሷ ግን እንደገና አቆጥቁጣለች።