ሁለት ዓመት ሮጬ አሁንም ከኋላ ነኝ፤ ወኔዬን በምን ልመልሰው?

ማለዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሩጫ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምለማመደው ለአካባቢ ውድድሮች ነው፤ 5 ኪሎሜትር፣ 10 ኪሎሜትር፣ አንድ ቀን ደግሞ ግማሽ ማራቶን እገባለሁ ብዬ አስባለሁ። ፈጣን አይደለሁም። የመጀመሪያውን 10 ኪሎሜትር የገባሁት በ1 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ነበር። የዛሬ ሳምንት እሁድ የገባሁት በ1 ሰዓት ከ24። ሁለት ዓመት ለፍቼ ያገኘሁት አምስት ደቂቃ ነው።

የእሁዱን ልንገራችሁ። 8ኛው ኪሎሜትር ላይ ስደርስ ውሃ የሚያድሉት ልጆች ጠረጴዛቸውን አጣጥፈው ሄደዋል። መጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ደግሞ ትልቁን ሰዓት እየፈቱት ነው። ሜዳልያውም አልቋል። አንድ አስተባባሪ "አይዞሽ፣ ደርሰሻል" አለኝ። ከልቡ ነው ያለኝ፤ አውቃለሁ። ግን ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ማክሰኞ አልወጣሁም። ሐሙስም አልወጣሁም። ትናንት ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ በር ላይ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ፕሮግራሜን የሰጠችኝ ጓደኛዬ ናት፤ እሷ 10 ኪሎሜትር በ52 ደቂቃ ትገባለች። በሳምንት አራት ቀን ነው። ሦስቱ ቀን ከ7 እስከ 8 ኪሎሜትር፣ እሁድ 15። ሁሉንም የምሮጠው የምችለውን ያህል ፈጥኜ ነው፤ ካልፈጠንኩ እንዴት ልሻሻል ብዬ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እንዳትሉኝ አደራ። ስንቴ ሰማሁት። እኔ የምፈልገው ቀርፋፋ ሆነው ዓመታት የዘለቁ ሰዎችን ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳችሁ ምንድነው?

ጎህ፦

ማለዳዬ አይዞሽ። እኔ እንዲህ ሲሰማኝ እ.ኤ.አ. በ1968 የሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ ማራቶን የሮጠውን ታንዛኒያዊ አስበዋለሁ፤ ጆን ስቲቨን አክዋሪ ይባላል። ማሞ ወልዴ ወርቁን የወሰደበት ውድድር ነው። አክዋሪ መንገድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተጎዳ። እግሩን አስሮ፣ እያነከሰ ቀጠለ። ስታዲየም የገባው ማሞ ከጨረሰ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ከጨረሱት ሁሉ መጨረሻ ሆኖ ነው። ዛሬ ግን ከዚያ ውድድር ከአሸናፊው ቀጥሎ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው። አንቺም ጨርሰሻል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማለዳ፦

አመሰግናለሁ ጎህ፤ ታሪኩን ወድጄዋለሁ። ግን ልክ ልንገርሽ፣ እኔ ውድድሩ ላይ አላቋርጥም። እዚያ ስሆን ሞቼም ቢሆን እጨርሳለሁ። የከበደኝ ማንም የማያየኝ ማክሰኞ ነው።

ትንፋሽ፦

ማለዳ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔን የያዘኝ ሜዳልያው አይደለም፤ ፕሮግራሙ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። ጓደኛሽ የእሁዱን 15 ኪሎሜትር ዘና ብላ ብትሮጠው በኪሎሜትር 6 ደቂቃ ከ20 ገደማ ይሆናል፤ 1 ሰዓት ከ35 ላይ ቤቷ ናት። አንቺ በኪሎሜትር 9 ደቂቃ ብትሄጂ 2 ሰዓት ከ15 ይፈጅብሻል። እሷ ታጥባ ስትቀመጥ አንቺ ገና 40 ደቂቃ ይቀርሻል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ነው፤ የተሠራው ሥራ ግን ለየብቻ ነው። ሰውነት ኪሎሜትር ቆጥሮ አያውቅም። የሚያውቀው ስንት ሰዓት እንደለፋና ምን ያህል እንደከበደው ነው። አንቺ ደግሞ ይህን ሁሉ በሙሉ ኃይልሽ ነው የምትሮጪው። በሳምንት አራት ቀን! ውድድር ሳይኖር አራት ቀን ትወዳደሪያለሽ ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ ወኔሽ የጠፋ አይመስለኝም። ደክሞሻል። ጫማ አስሮ በር ላይ ቆሞ የሚመለስ ሰው መሮጥ ሳይፈልግ ቀርቶ አይደለም፤ ሰውነቱ እምቢ ስላለው ነው። እኛ ግን ስንፍና ብለን ራሳችንን እንወቅሳለን፣ ከዚያ ለማካካስ የበለጠ እንሮጣለን፣ የበለጠ እንደክማለን። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ዓመት አጥቻለሁ፤ ለዚህ ነው እንዲህ አጥብቄ የምጽፍልሽ።

የማደርገውን ልንገርሽ። ኪሎሜትሩን ሰርዤ በደቂቃ ነው የምሮጠው። ሦስት ቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ አንድ ቀን ከ70 እስከ 80 ደቂቃ። ከእነዚህ አንዱን ቀን ብቻ መሃል ላይ ፈጠን እላለሁ። ሌላው ሁሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ማውራት በምችልበት ፍጥነት ነው። ማውራት ካቃተኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው፤ ሰዓቴ ላይ ያለው ቁጥር የፈለገውን ይበል።

"ካልፈጠንኩ እንዴት ልሻሻል" ላልሽው፣ ቀላል ሩጫ ውስጥ ብዙ ነገር እየተሠራ ነው። ልብ በአንድ ምት የምትገፋው ደም ይጨምራል። በጡንቻ ውስጥ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይበዛሉ። በሕዋሶችሽ ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ ይበረክታሉ። ይህ ሁሉ የሚመጣው በጊዜ ብዛት ነው፤ በየቀኑ በመሰቃየት አይደለም። ጅማት ደግሞ ከጡንቻ ይልቅ ለመጠንከር ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ትንፋሹ ሲስተካከልለት ይጨምርና በባቱ ወይም በተረከዙ ሕመም የሚቆመው ለዚህ ነው። የኒውዚላንዱ አሠልጣኝ አርተር ሊድያርድ ፒተር ስኔልን የ800 ሜትር ሯጭ ሆኖ ሳለ በሳምንት እስከ 160 ኪሎሜትር ያስሮጠው ነበር፤ ስኔልም እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ወርቅ ወሰደ። ሁለት ዙር ብቻ ለሚሮጥ ሰው እንኳ መሠረቱ ረጅም ሩጫ ነበር።

ማለዳ፦

ትንፋሽ፣ ይህን ሳነብ ደረቴ ቀለል አለኝ። ግን አንድ ነገር አስጨንቆኛል። እኔ እያወራሁ ልሩጥ ካልኩ በኪሎሜትር 10 ደቂቃ ነው የምሄደው። ዳገት ላይማ እሱንም አልችልም። ያ እኮ እርምጃ ነው።

ትንፋሽ፦

እርምጃ ከሆነ ይሁና! ዳገቱ ላይ ተራመጂ፤ ትንፋሽሽ ሲመለስ ሩጪ። ጄፍ ጋሎዌይን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር የሮጠ አሜሪካዊ ነው፤ በኋላ ለተራ ሯጮች ሩጫና እርምጃን እያፈራረቁ መሄድን አስተማረ። ቁም ነገሩ ከመድከምሽ በፊት መራመድሽ ነው። አራት ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ። ደክሞሽ ስትራመጂ ተሸነፍኩ ይልሻል። አስበሽበት ስትራመጂ ግን የዕቅድሽ አካል ነው፤ ስሜቱም ፈጽሞ ሌላ ነው።

ሌላው፣ መሻሻልሽን በውድድር ሰዓት ብቻ አትለኪ። በወር አንድ ቀን፣ እዚያው ሜዳ መንገድ ላይ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ እያወራሽ መሮጥ በምትችይበት ፍጥነት 30 ደቂቃ ሩጪ። ስንት ኪሎሜትር ሄድሽ? እሱን ጻፊ። ትንፋሽሽ ሳይለወጥ ርቀቱ ከጨመረ ተሻሽለሻል። ሙቀት ሲበዛ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ የአንድ ወር ነገር አያስደንግጥሽ።

ሰማያዊ_ጫማ፦

ትንፋሽ ባለው እስማማለሁ፤ ግን ሴቶች የሆንን አንድ ነገር እንጨምር። እኔም ልክ እንደ ማለዳ በር ላይ ቆሜ እመለስ ነበር። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ሩጫው ከወር ወር እየባሰ ሄደ። ስንፍና ነው እያልኩ ስድስት ወር ራሴን ስሳደብ ከረምኩ። በመጨረሻ እህቴ ጎትታ ምርመራ ወሰደችኝ። ብረት አንሶኝ ነበር። የሚገርመው የደም ማነስ ገና አልያዘኝም፤ የወረደው በሰውነት ውስጥ ያለው የብረት ክምችት ነው፣ ፈሪቲን የሚሉት። ተራው የደም ምርመራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም የለሽም ተብዬ እመለስ ነበር። ስለዚህ ስትሄጂ ፈሪቲንም ይታይልኝ በያቸው። የወር አበባ ያለን ሯጮች ላይ ይህ በብዛት የሚታይ ነገር ነው። ሳትመረመሪ ግን የብረት ክኒን እንዳትጀምሪ፤ ከልክ ሲያልፍም ይጎዳል።

ዳገቱ፦

ልጄ ማለዳ፣ እኔ 63 ዓመቴ ነው። መሮጥ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ብዙ ውድድር ላይ መጨረሻ የምገባው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የጠየቅሽው ጥያቄ ይመለከተኛል።

በመጀመሪያ ስለ ውሃውና ስለ ሜዳልያው። ይህን ዝም ብለሽ አትለፊው። አንቺም እንደ ፊተኞቹ ከፍለሽ ተመዝግበሻል። ውሃ ማግኘትና ሰዓትሽ መያዙ መብትሽ ነው። በአክብሮት ጻፊላቸው፤ ስንት ሰዓት ላይ የትኛው ቦታ ምን እንዳጣሽ ንገሪያቸው። እኔ አንድ ጊዜ ጽፌ በዓመቱ ስመለስ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ ሲሄዱ አገኘሁ። ከመመዝገቤ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፦ የጊዜ ገደቡ ስንት ነው? ሰዓቱ እስከ ስንት ይቆያል? መንገዱስ መቼ ይከፈታል? መልሱ ካልጣመኝ ሌላ ውድድር እፈልጋለሁ። ለሁላችንም የሚሆን ውድድር ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ለንደን ውስጥ በ13 ሯጮች የተጀመረውን ፓርክራን ተመልከቺ። ነፃ ነው፣ 5 ኪሎሜትር ነው፣ ከሁሉም ኋላ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ ይመደብለታል። ሰው መጨረሻ እንዳይሆን አስበውበት ነው የሠሩት። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ማክሰኞው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔን የሚያስነሳኝ ወኔ አይደለም። ጎረቤቴ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ዝናብ ነው ብዬ ቀረሁ፤ እሱ ግን ጃንጥላ ይዞ 20 ደቂቃ ቆሞ ጠብቆኛል። ከዚያ ወዲህ ሳልነግረው ቀርቼ አላውቅም። ሰውዬው ሯጭ እንኳ አይደለም፣ ጉልበቱን ያመዋል፤ በብስክሌት ነው የሚከተለኝ። ስለ ልጆቻችን እያወራን እንሄዳለን። ማውራት ሲያቅተኝ "ፈጠንክ" ይለኛል። ከአንቺ የምትፈጥን ጓደኛ ጥሩ ናት፤ ግን ከእሷ ጋር ስትሮጪ ሁልጊዜ እንደዘገየሽ ነው የሚሰማሽ። ለማክሰኞ ሌላ ሰው ፈልጊ።

ሩቅ_መንገድ፦

ዳገቱ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ሁሉም ሰው አጃቢ አያገኝም። እኔ በፈረቃ ነው የምሠራው፤ የምሮጠው ብቻዬን ነው። የጠቀመኝ ነገር ቢኖር አሥር ደቂቃ ብቻ እወጣለሁ ብሎ መውጣት ነው። አሥር ደቂቃ ሮጬ አሁንም ከከበደኝ ዞሬ እመለሳለሁ፤ ያም ቀን እንደሮጥኩበት ይቆጠራል። በወር አንዴ ሁለቴ በእውነት እመለሳለሁ። ሌላውን ጊዜ ግን አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ ሰውነቴ ሞቆ መመለሱን ራሱ እረሳዋለሁ።

ማለዳ፦

ሰላም፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ትንፋሽ እንዳለው ኪሎሜትሩን ሰርዤዋለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ጨርሶ አረፍኩ፤ ከዚያ በአራት ለአንድ ጀመርኩ። መጀመሪያ የለካሁት 30 ደቂቃ 2.9 ኪሎሜትር ነበር፣ ባለፈው ቅዳሜ 3.1 ሆነ። ሰማያዊ ጫማ፣ ተመርምሬያለሁ። ክምችቱ ዝቅ ብሏል ተብዬ ሐኪሙ መድኃኒት ጀምሮልኛል፤ ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ እታያለሁ። እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ባትነግሪኝ ፈሪቲን የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ዳገቱ፣ እንዳሉኝ ጻፍኩላቸው። ይቅርታ ጠይቀው ሜዳልያውን እንልክልሻለን ብለዋል፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ውሃው እስከ መጨረሻው ሯጭ እንደሚቆይ ነግረውኛል። እርስዎ ባይሉኝ አልጽፍም ነበር።

ትንሹ ወንድሜ ብስክሌት አለው። ነገ ማክሰኞ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በር ላይ እጠብቅሻለሁ ብሎኛል።