ከጎንደር ሆኖ በኒውዮርክ ሰዓት እየሠሩ ፍቅረኛ መያዝ፦ ሰዓቱ እንዴት ይብቃቃል?

ማራኪ_ማዶ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ግማሹ የሥራ ግማሹ የፍቅር ነው፤ መነጣጠል ስላልቻልኩ አንድ ላይ ጻፍኩት።

ሥራው ባክኤንድ (ከመተግበሪያ ጀርባ ያለውን የሰርቨር ኮድ መጻፍ) ነው፣ ቡድኑ ኒውዮርክ። ከቤት ነው የምሠራው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4። የየዕለቷ አጭር ስብሰባ በነሱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ናት፣ አሁን ባለው አቆጣጠር በእኛ 11። ፍቅረኛዬ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ 11:30 ትወጣለች። ከቤተሰብ ጋር ስለምትኖር ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ውጭ መቆየት የለም። ቅዳሜና እሑድ አለ እንዳትሉኝ፤ ቅዳሜን ልብስ አጠባና ገበያ፣ እሑድን ቤተ ክርስቲያንና ዘመድ ይበሉታል።

ከሳምንቱ ውስጥ ሰዓት የት ላይ ይገኛል? መብራት ሲጠፋ ሥራው እየተንከባለለ ቀጠሮ እንዳይበላ ምን ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ? ደግሞም ለቤተሰቧ «ቀኑን ቤቱ ተቀምጦ የሚውል ልጅ» ሥራ እንዳለው እንዴት ይነገራል?

አንገረብ_ዳር፦
ወንድሜ፣ ምሽቱን ተወው። የምትፈልገው ሰዓት ዓርብ ቀን ላይ ነው። የመንግሥት ቢሮ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ለምሳ 6:30 ወጥቶ 7:30 ይመለሳል፤ ዓርብ ግን 5:30 ይወጣና 7:30 ይገባል። ሁለት ሰዓት ሙሉ። አንተ ደግሞ 8 ላይ ነው የምትጀምረው። ከሳምንቱ ሁለታችሁም ነፃ የሆናችሁበት ሰፊ ቀዳዳ ያ ብቻ ነው።

እንቅፋቱ ዓርብ ጾም መሆኑ ነው። እስከ 9 የምትጾም ከሆነች ምግብ ቤት ቀጥረህ አንተ ስትጎርስ እሷ ታይሃለች። አስቀድመህ ጠይቃት። የምትጾም ከሆነች ቀጠሮው የእግር መንገድ ይሁን። ፋሲል ግቢን ከበው የቆሙት አጥሮች ርዝመታቸው 900 ሜትር ገደማ ነው፤ ውስጥ ውስጡን በዝግታ ለመዞር አንድ ሰዓት ይበቃል። ብዙ ሰው የፋሲልን ግንብ አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይወጣል። አለፍ ብሎ የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት አዳራሽ፣ የበካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ግንቦች አሉ። ሙያህ ስለሆነ ይገባሃል፦ አዲስ የመጣው ንጉሥ የቀደመውን ሳይነካ ከጎኑ የራሱን አቁሟል፤ ሪፋክተር (የቆየን ኮድ እንደገና ማደራጀት) ብሎ ነገር የለም። ወሬ ሲያልቅባችሁ ከዚህ ጀምር።

ሐሙስ ምሳ ከመረጣችሁ ሰዓቱ አንድ ብቻ ነው፣ ከመንገዱ በኋላ 40 ደቂቃ ይተርፋችኋል። ተጋቢኖ እየፈላ ይመጣና እስኪበርድ ግማሹ ጊዜ ይሄዳል። ፍርፍር ወይም በያይነቱ ቶሎ ይደርሳል፤ ከመውጣትህ በፊት ደውለህ እዘዝ። ቢሮዋ አዘዞ ከሆነ እሷን ወደ ፒያሳ አታመላልሳት፤ መንገዱ ምሳውን ይውጠዋል፣ አንተ ውረድ። ገና ለቤተሰብ ካልታያችሁ ደግሞ ፒያሳ መስኮት ዳር አትቀመጡ። ማኪያቶው ሳይበርድ አክስቷ ጋ ወሬው ደርሷል።

ሌሊት_ፈረቃ፦
የአንገረብ መልስ ትክክል ነው፣ ግን አንድ ነገር ተዘሏል። ያ 11 ሰዓት ዓመቱን ሙሉ 11 አይደለም።

እኛ ሰዓት አናዛውርም፤ አሜሪካ ግን በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ወደ ኋላ፣ በማርች ሁለተኛው እሑድ ወደ ፊት ታዛውራለች። በኛ ጥቅምት መገባደጃና መጋቢት መባቻ ግድም መሆኑ ነው። ልዩነታችን በነሱ በጋ 7 ሰዓት፣ በነሱ ክረምት 8 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ስብሰባህ 12 ሰዓት ላይ ይወድቃል። ኅዳር ላይ ጎንደር ፀሐይዋ የምትጠልቀው እዚያው 12 ግድም ነው። ጎሃ ሆቴል ኮረብታ ላይ ሆኖ ጀምበር ስትገባ ማየት የሚባለው ነገር እስከ መጋቢት በሥራ ቀን አይታሰብም፤ ፀሐይዋ ስትጠልቅ አንተ ካሜራ ፊት ነህ።

ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ግን መላ አለ። በሳምንት አንድ ቀን ከ8 ይልቅ 6 ሰዓት ላይ ጀምር። ከ6 እስከ 11:15 አምስት ሰዓት ከሩብ ሠራህ፤ ከ11:15 እስከ 1:15 ትወጣለህ፤ ከ1:15 እስከ 4 ሁለት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ትጨርሳለህ። ድምሩ ስምንት ሰዓት ነው፣ ማንም አይጎዳም። የምትጠፋበት ሰዓት ግን በነሱ ረፋድ ከ4:15 እስከ 6:15 ነው፣ ዋናው የሥራ ሰዓታቸው። ስለዚህ ከአንድ ቀን በላይ አትጠይቅ፤ ስብሰባ የሚያንስበትን ቀን ምረጥና ካላንደር ላይ በግልጽ ዝጋው። ሳይናገሩ መጥፋት ነው ሰውን የሚያስከፋው፣ መውጣቱ አይደለም።

ካላንደርን ካነሳን፦ የሥራ ተደጋጋሚ ስብሰባ ስትፈጥር የሰዓት ክልሉን ኒውዮርክ አድርገው፣ የግል ቀጠሮን አዲስ አበባ። ስብሰባውን በአዲስ አበባ ሰዓት ከሰካኸው ኖቬምበር ላይ አይንቀሳቀስም፣ አንተ 11 ላይ ባዶ ክፍል ትገባለህ። ኮድ ላይም ያው ነው፤ ከዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) «ሲቀነስ 5» ብሎ ልዩነቱን ከማስቀመጥ የክልሉን ስም ማስቀመጥ ነው። ለእሷ ቀጠሮ ስትጽፍ ደግሞ «3 ሰዓት» ብለህ አትተው፤ «ጠዋት 3» በል። ስልክህ 9:00 እያለህ ቀኑን ሙሉ በፈረንጅ ሰዓት ስታስብ ስለምትውል መሳሳቱ አይቀርም።

(ቀጣሪህ በርሊን ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ብቻ ነበር፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ሥራ ለመቀየር ያሰብክ ቀን ደመወዙን ብቻ አትይ።)

ሽቦ_አልባ፦
ስለ መብራቱ። ሁለት ነገር ለየብቻ ያዝ፦ ለራውተሩ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ትንሽ ባትሪ)፣ ለላፕቶፑ ፓወር ባንክ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ሲለወጥ የሚባክነው ተቀንሶ 60 ያህል ይደርስሃል። ላፕቶፕህ ኮድ ስትጽፍ 20 ዋት ቢበላ 3 ሰዓት ነው። ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል በየራሳቸው ሳጥን የሚያስኬደው) ከፍተህ ቢልድ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መለወጥ) ስታስኬድ 40 ዋት ይገባና ወደ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ኮንቴይነሮቹን አቁም፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንስ፣ የኮዱን ፈተና (ቴስት) ሰርቨር ላይ አስኪድ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጠኑን አይቶ ጉልበቱን ሳያይ መግዛቱ ነው። 20,000 ተብሎ መውጫው 18 ዋት የሆነ ስልክ እንጂ ላፕቶፕ አይሞላም። በታይፕ ሲ መውጫው 65 ዋት መሆኑን ካርቶኑ ላይ ሳይሆን ራሱ ዕቃው ጀርባ ላይ አንብብ፤ ገመዱም ያን የሚሸከም ይሁን። ከተቻለ የራስህን ላፕቶፕ ይዘህ ሂድና ሱቁ ውስጥ ሰክተህ እይ።

ሚኒ ዩፒኤስ 10,400 የሚለው 38 ዋት ሰዓት ነው፤ 7 ዋት የሚበላ ራውተር ከ4 ሰዓት በላይ ይይዛል። ራውተሩ በርቶም መስመሩ ከወዲያ ከሞተ ወደ ሞባይል ዳታ መዞር ነው። ያኔ ቪዲዮህን ዝጋ፦ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ጥሪ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይጠጣል፣ ድምፅ ብቻ ሲሆን ግን ከዚያ በጣም ጥቂቱን ነው።

መብራት ሲመለስ ወዲያው አትሰካ። ቮልቴጁ እስኪረጋ አምስት ደቂቃ ጠብቅ፣ ስታብላይዘር ካለህ በሱ በኩል።

የቁስቋም_ልጅ፦
ሰዓቱንና መብራቱን ወንዶቹ ጨርሰውታል፤ እኔ ከሷ ወገን ሆኜ ልናገር።

አካልህ ፋሲል ግቢ ቆሞ ሐሳብህ ያልተፈታ ባግ (የኮድ ስህተት) ላይ ከሆነ ያ ሁለት ሰዓት ከንቱ ነው፣ ያስታውቃል ደግሞ። ከመውጣትህ 10 ደቂቃ በፊት አዲስ ነገር አትጀምር። ያለህበትን በራስህ ብራንች (የኮድ ቅርንጫፍ) ላይ ኮሚት አድርገህ (መዝግበህ) ፑሽ አድርግ (ወደ ሰርቨር ላክ)፤ የሚወድቀውን ቴስት እንደወደቀ ተወው፤ ቀጥሎ የምትነካውን ፋይልና ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፍ። ወረቀቱ ከያዘልህ ጭንቅላትህ ይለቀዋል።

ስልኩን አትረብሹኝ ላይ አድርገህ የተረኛ ጥሪ (ሲስተም ሲበላሽ የሚደወለው) የሚመጣበትን አንድ ቁጥር ብቻ ፍቀድለት። አይፎን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ የደወለን ሰው የሚያሳልፍበት ምርጫ አለው፣ አንድሮይድም በ15 ደቂቃ ውስጥ፤ ለእናትህ ያ ይበቃል። ስላክ (የሥራ መልእክት መለዋወጫው) ይዘጋ። ተረኛ የምትሆንበትን ሳምንት ግን አስቀድመህ ንገራት፤ የማታውቀው ስልክ ሲጮህ ሌላ ነገር ነው የምታስበው። ዓርብ ዋዜማውንም ጠብቅ፦ ሐሙስ ማታ ትልቅ ለውጥ ዲፕሎይ አድርጎ (ለተጠቃሚ ለቅቆ) ዓርብ 5:30 ቀጠሮ መያዝ ራስን ማጥመድ ነው።

ቤተሰቡን በተመለከተ፣ «ፍሪላንስ» የሚለውን ቃል አትጠቀም፤ በአማርኛ ሲሰማ ሥራ ፈት ነው። ከቀጣሪህ የውል ወይም የሥራ ልምድ ደብዳቤ አጽፍ፣ ደመወዝ በየወሩ የሚገባበትን የባንክ መግለጫም አዘጋጅ። ማንም ላይጠይቅህ ይችላል፣ ሽማግሎችህ ግን መኖሩን ይወቁ። የምትልካቸው ሽማግሎች «የት ነው የሚሠራ?» ሲባሉ እርስ በርስ እንዳይተያዩ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጣቸው፦ «ለውጭ አገር ድርጅት ሶፍትዌር ይሠራል፣ ደመወዙ በየወሩ በባንክ ይገባል።» በቃ። በመጀመሪያው ቀን እሺታ አይጠበቅም፤ ቀጠሮ ተሰጥቶ መመለስ ወጉ ነው፣ አትደንግጥ።

ቀኑንም አስብ። በጾም ሠርግ የለም። ሰው የሚሰበስበው ከጥምቀት በኋላ ሁዳዴ እስኪገባ ያለውን ነው፣ ሁዳዴ ደግሞ መግቢያው በየዓመቱ ይለዋወጣል። ፈቃድህን በዚያ ልክ ቀድመህ አስመዝግብ። ጥር 10፣ 11ና 12ንም አብረህ። በከተራ ቀን ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ባጃጅ አይንቀሳቀስም፣ ኔትወርኩም የሰው ብዛት አይችልም፤ «ከቤት እሠራለሁ» ብለህ አትዋል። አሜሪካኖቹ የጃንዩወሪን ሦስተኛ ሰኞ ለማርቲን ሉተር ኪንግ ይዘጋሉ፤ በ2018 ከጥምቀት ጋር በአንድ ቀን ዋለ። እንዲህ ሲገጥም የፈቃድ ቀን ትቆጥባለህ።

ማራኪ_ማዶ፦
ዓርብ 5:30 ጭራሽ አልታየኝም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እስከ 9 ትጾማለች፣ ስለዚህ የእግር መንገዱ ነው። ሽቦ_አልባ፣ የራውተሬ ቻርጀር 9 ቮልት 0.6 አምፔር ይላል። 12 ቮልቱ ዩፒኤስ ያስኬደዋል?

ሽቦ_አልባ፦
እንዳትሰካው፣ ይቃጠላል። 5፣ 9 እና 12 ቮልት ለየብቻ መውጫ ያለው ሚኒ ዩፒኤስ አለ፤ እሱን ግዛና 9 በሚለው ሰካ። አምፔሩ ቢበልጥ ግድ የለም፣ ራውተሩ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚወስደው። የሶኬቱን ውፍረትና የመሐሉ እሾህ ፖዘቲቭ መሆኑን ከቻርጀሩ ምልክት ጋር አስተያይ። በ9 ቮልት 0.6 ማለት ቢበዛ 5.4 ዋት ነው፣ ስለዚህ ከ10,400ው 5 ሰዓት ከዚያም በላይ ታገኛለህ።