የ1969 ቮልስ ሲግል ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ጥያቄ፦
ውድ የቮልስ ባለቤቶች፣ ከአባቴ የወረስኳት ባለ 1300 ቮልስ (የ1969 እ.ኤ.አ. ስሪት) ጠዋት ያለችግር ትነሳለች። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ግን ሞጆን አልፌ ዳገቱን ስይዝ ጉልበት ይከዳታል፤ ሃያ ደቂቃ አቁሜ ካሳረፍኳት በኋላ ደኅና ትሆናለች። ጋራዥ ወስጃት ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ሁለት ጊዜ ተፈታ፣ ቦቢናውም (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ተለወጠ፤ ለውጥ ግን የለም። ካንዴላዎቹን (በየሲሊንደሩ እሳት የሚጭሩትን) ሳወጣ ሦስቱ ቡናማ ሲሆኑ የሦስተኛው ሲሊንደር ብቻ እንደ ኖራ ነጥቷል። ከምን ልጀምር?

ምላሽ 1፦
ወንድሜ፣ ዋናውን ፍንጭ አግኝተውታል፤ የነጣ ካንዴላ ሲሊንደሩ ከመጠን በላይ እንደሚግል ያሳያል። ጥፋቱ የካርቡራተሩ ቢሆን ኖሮ አራቱም ካንዴላዎች ይነጡ ነበር፤ በማስገቢያው ቧንቧ ትርፍ አየር የሚገባ ቢሆን ደግሞ፣ በዚህ ሞተር ሦስተኛውና አራተኛው ሲሊንደር በአንድ ቀዳዳ ስለሚተነፍሱ፣ ሁለቱ አብረው ይነጡ ነበር። ሦስተኛው ከሌሎቹ ይልቅ የሚግለው የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ ከበላዩ ቆሞ ንፋሱን ስለሚሻማው ነው፤ ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቤት አውጥቶ የራሱን የንፋስ መንገድ የሰጠው በ1971 ሞዴል ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ የሦስተኛውን የጭስ ማውጫ ቫልቭ ክፍተት ይለኩ፤ 0.15 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ክፍተቱ ጠብቦ በደንብ የማይዘጋ ቫልቭ ሙቀቱን ለመቀመጫው ማስተላለፍ ስለማይችል፣ በጋለ ቁጥር ይረዝማል፣ ኮምፕሬሽኑም (በሲሊንደሩ የታመቀው ጋዝ) ያመልጣል። ብዙ ሰው የሚንኳኳ ቫልቭ ያስፈራዋል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ ክፍተቱ ጠብቦ ድምፁ የጠፋው ነው።

ምላሽ 2፦
በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ቫልቩን ብቻ አስተካክለው እንዳይተዉት፤ በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያና ላሜራው መሟላታቸውን ይዩ። ማሸጊያው ከሌለ ማራገቢያው ከሥር የሚወጣውን የጋለ አየር መልሶ ይስባል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በአምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ የማቀዝቀዝ አቅሙም አብሮ ይቀንሳል። የማራገቢያውንም ቤት ውስጡን ይፈትሹ፤ እኔ ከአንዱ የአይጥ ጎጆ አውጥቻለሁ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማለዳ ለካሁት፤ የ0.15 ቀርቶ የ0.05 መለኪያ እንኳን አልገባም። የሌሎቹ ሰባት ቫልቮች ክፍተት ደኅና ነው። በአሽከርካሪው በኩል ያለው የጎማ ማሸጊያም የለም። ቫልቩን አስተካክያለሁ፣ ጎማውን እያፈላለግሁ ነው።

ምላሽ 1፦
መልካም አድርገዋል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ድጋሚ ይለኩት። ክፍተቱ ተመልሶ ጠብቦ ካገኙት ቫልቩ እየተሳበ (እየተለጠጠ) ነው ማለት ነውና፣ የቫልቩ ጭንቅላት ተቆርጦ ፒስተኑ ላይ ከመውደቁ በፊት ቴስታታውን (ቫልቮቹን የያዘውን የሲሊንደሮቹን ክዳን) አስወርደው ቫልቩን ያስለውጡት፤ እስከዚያው ረጅም ዳገት አይውጡባት።