የቤተሰብ ዲቪዲዎችን መጠናቸው ወደ ቀነሰ የቪዲዮ ፋይል ስለ መቀየር

ጥያቄ (ከማራኪ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። በወላጆቼ ቤት ወደ 60 የሚጠጉ ዲቪዲዎች ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ ከ1998 እስከ 2005 ዓ.ም. በከተማችን ቪዲዮ ቤቶች የተቀረጹ ሲሆኑ፣ የወንድሞቼና የእኅቶቼ ሠርግና መልስ፣ የልጆች ክርስትና፣ የአያታችን ተዝካር፣ እንዲሁም በፋሲለደስ መዋኛ የተከበሩ የጥምቀት በዓላት ይገኙባቸዋል። የዲቪዲ ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ላፕቶፔም የዲስክ ማስገቢያ ስለሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ተውሼ ሥራውን ጀምሬአለሁ።

ፍላጎቴ ሁለት ነው። እናታችን በፍላሽ አድርጋ በቴሌቪዥን እንድታያቸው፣ ውጭ አገር ያሉት እኅቶቼም በቴሌግራም እንዲደርሳቸው እፈልጋለሁ። ይሁን እንጂ ዲስኩን ስከፍተው አንዱ ሠርግ በአራትና በአምስት ፋይሎች ተከፋፍሎ አገኘዋለሁ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ስቀይራቸው መገጣጠሚያቸው ላይ ንግግሩ ይቆረጣል፤ እስክስታ በሚመታበት ቦታ ደግሞ የጨፋሪዎቹ ትከሻ በቀጫጭን አግድም መስመሮች ይሰነጣጠቃል። በየትኛው ፕሮግራም፣ በምን ያህል ጥራትና በምን ዓይነት ፋይል ብቀይራቸው እንደሚሻል፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ዲስኮቹን ማስወገድ ይቻል እንደሆነ የሚያውቅ ቢመክረኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምላሽ (በቪዲዮ ቅንብር ሥራ ላይ ያለ፣ ፒያሳ)

እንደምን አሉ። ዲስኩን ማንበብና ፋይሉን ማሳነስ የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ በአንድ ጊዜ ባይሠሯቸው ይሻላል። በመጀመሪያ የዲስኩን ይዘት እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ማሳነሱን ከዚያ ቅጂ ላይ ይሥሩ። እንዲህ ካደረጉ የመረጡት ጥራት ባያስደስትዎ ያረጀውን ዲስክ እንደገና ማሽከርከር አያስፈልግዎትም።

ንግግሩ የሚቆረጠው በዲቪዲ አሠራር ምክንያት ነው። የዲቪዲ ደረጃ ምስሉንና ድምፁን የሚይዘው እያንዳንዱ የቪኦቢ ፋይል ከ1 ጊጋባይት እንዳይበልጥ ስለሚያስገድድ አንድ ቀጣይ ቪዲዮ በበርካታ ፋይሎች ይከፋፈላል፤ መለያያውም አንድ ሽማግሌ እየመረቁ ባሉበት መሐል ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ፋይሎቹን ለየብቻ አይክፈቱ። ሃንድብሬክ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭነው «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚለውን ፎልደር በሙሉ ይስጡት፤ ከሚዘረዝራቸው ታይትሎች ረጅሙን ሲመርጡ ክፍሎቹን ራሱ አገናኝቶ ያነባቸዋል።

ስለ መስመሮቹ ጠለቅ ብዬ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ብዙ ሰው የቤተሰቡን ትዝታ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነውና። በአገራችን የተሠሩ ዲስኮች በአብዛኛው ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ በ720 በ576 ነጥብ፣ በሰከንድ በ25 ፍሬም የተቀረጹ ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ ፍሬም በሁለት ግማሽ ምስሎች የተሠራ ነው፤ አንደኛው ጎደሎ ቁጥር መስመሮችን፣ ሁለተኛው ሙሉ ቁጥር መስመሮችን ይይዛል፤ በመካከላቸውም የሰከንድ 1/50 ልዩነት አለ። የቀድሞው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ግማሾቹን ተራ በተራ ያሳይ ስለነበር ችግሩ አይታይም ነበር። የላፕቶፕ ስክሪን ግን ሁለቱን ደርቦ ያሳያል። ሙሽሮቹ ተቀምጠው ሳለ ምንም አይታወቅም፤ እስክስታ ሲጀመር ግን ትከሻው በዚያች ቅጽበት ውስጥ ቦታ ስለሚለውጥ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይከፋፈላል።

መፍትሔው በሃንድብሬክ «ፊልተርስ» ገጽ ላይ «ዲኢንተርሌስ» በሚለው ሥር «ቢደብሊውዲፍ»ን፣ ከእርሱም «ቦብ» የሚለውን መርጦ የፍሬም ፍጥነቱን 50 ማድረግ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ግማሽ ምስል ራሱን የቻለ ሙሉ ፍሬም ይሆናል። ፋይሉ በመጠኑ ይጨምራል፤ ጭፈራው ግን በዕለቱ እንደ ነበረው ሳይንቀጠቀጥ ይፈስሳል። ይህን ሳያደርጉ ምስሉን ካሳነሱትና ቅጂውን ካጠፉት መስመሮቹ ከምስሉ ጋር ተዋሕደው ስለሚቀሩ በኋላ አጥርቶ ማውጣት አይቻልም።

ለምስሉ ኤች 264 የተባለውን የመጭመቂያ ደረጃ ይምረጡ። ኤች 265 በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀ አዲስ ደረጃ በመሆኑ ፋይሉን ይበልጥ ያሳንሰዋል፤ ነገር ግን ቆየት ያሉ ቴሌቪዥኖች አይከፍቱትም፤ እናትዎ ሊያዩት የማይችሉት ፋይል መጠኑ ቢቀንስ ምን ይጠቅማል? ጥራቱን «አርኤፍ» 20 ላይ ያድርጉት። ለዚህ መጠን ምስል ከ18 እስከ 22 ያለው ተስማሚ ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱም የፋይሉ መጠንም ይጨምራል። ሁሉም ፋይሎች እኩል መጠን ባይኖራቸው አይገረሙ። ማታ በዳስ ውስጥ በደካማ መብራት የተቀረጸ ምስል በቅንጣት የተሞላ ስለሆነ ብዙ ቦታ ይፈልጋል፤ በጥምቀት ዕለት ወጣቶች ወደ መዋኛው ሲዘሉ የሚረጨው ውኃም እያንዳንዱ ጠብታ ለብቻው ስለሚንቀሳቀስ ለመጭመቅ እጅግ ያስቸግራል። እንዲህ ያለውን ቦታ በግድ አነስተኛ መጠን ውስጥ ካስገቡት ውኃው ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይለወጣል።

ድምፁንም ይመልከቱ። አንዳንድ ቪዲዮ ቤቶች ድምፁን ፒሲኤም በሚባለው ያልተጨመቀ ዓይነት ያስቀምጡት ነበር፤ ይህም በሰከንድ 1,536 ኪሎቢት ስለሚወስድ የሁለት ሰዓት ድምፅ ብቻውን ወደ 1.4 ጊጋባይት ይደርሳል። ኤኤሲ ወደሚባለው የተጨመቀ የድምፅ ዓይነት በ160 ኪሎቢት ሲቀይሩት ከ150 ሜጋባይት በታች ይሆናል፤ የማሲንቆውም የእልልታውም ድምፅ በጆሮ የሚታወቅ ጉዳት አይደርስበትም። በዚህ አኳኋን የሁለት ሰዓት ሠርግ ብዙውን ጊዜ ከ2 ጊጋባይት በታች ሊሆን ይችላል፤ የቴሌግራም ነጻ አገልግሎት ለአንድ ፋይል የሚፈቅደው ጣሪያም ይኸው ነው። ሲልኩት በፋይልነት ይላኩት፤ በቪዲዮነት ከላኩት ፕሮግራሙ እንደገና ሊጨምቀው ይችላል። ምስሉን ወደ 1080 ማሳደግ ደግሞ ፋይሉን ከማግዘፍ በቀር በዲስኩ ላይ ያልነበረ ጥራት አይፈጥርም።

ምላሽ (የሰነድ አያያዝ ባለሙያ፣ አዘዞ)

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው የመጀመሪያውን ቅጂ ስለ መጠበቅ ነው። ብዙዎቻችን የምናሳንሰው ቦታ የለንም ብለን ነው። እስቲ ሒሳቡን እንመልከተው፦ ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲ ቢሞላ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ስለሆነ 60 ዲስኮች በሙሉ ከ282 ጊጋባይት አይበልጡም። ይህ በ500 ጊጋባይት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ገብቶ ይተርፋል። ስለዚህ የሚላከውና በፍላሽ የሚታየው ያነሰው ፋይል ይሁን፤ ያልተነካው ቅጂ ግን አይጥፋ። በዲቪዲው ላይ ያለው ምስል ራሱ ኤምፔግ 2 በሚባለው መንገድ አንድ ጊዜ ተጨምቋል፤ እንደገና ሲጨመቅ የሚቀነሰው ነገር ተመልሶ አይገኝም። ነገ የተሻለ ማጥሪያ ሲመጣ የሚያስፈልግዎት ያ ያልተነካው ቅጂ ነው።

ቅጂውን በሁለት መንገድ መያዝ ይቻላል። ሜኑውን ጭምር ማቆየት ከፈለጉ ዲስኩን እንዳለ በአይኤስኦ ፋይል ያስቀምጡት፤ ቪዲዮው ብቻ ከበቃዎት ሜክኤምኬቪ የተባለው ፕሮግራም ምስሉንና ድምፁን ሳይነካ በአንድ ፋይል ያወጣልዎታል። ብዙ ፍላሾች ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጁ በመሆናቸው ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበሉም፤ ስለሆነም ይህን ቅጂ በሃርድ ዲስክ እንጂ በፍላሽ ለመያዝ አያስቡ።

ዲስኮቹን ሁሉም ፋይል ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ አይጣሉ። ከዚያም በኋላ ቢሆን በቀዝቃዛና ብርሃን በማይገባበት ቦታ ቢያቆዩአቸው እመርጣለሁ፤ ሆኖም እንደ ዋና ማኅደር አይመኩባቸው። በቤት ወይም በቪዲዮ ቤት የሚጻፍ ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ይህ ቀለም በሙቀትና በፀሐይ ብርሃን ይበላሻል። ይልቁንም ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ገዝተው አንዱን በሌላ ከተማ ለሚኖር ዘመድ ይስጡ።

ፋይሎቹን ሲሰይሙ ዓመቱን አስቀድመው ወሩን በቁጥር ይጻፉ። ለምሳሌ የ1999 ዓ.ም. ጥምቀት «1999-05-11 ጥምቀት» ቢባል ኮምፒውተሩ ሁሉንም በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል፤ ጥር አምስተኛው ወር ነውና። እባክዎን እናትዎን አጠገብዎ አስቀምጠው በሠርጉ ላይ የሚታዩት ሽማግሌዎች እነማን እንደሆኑ፣ የማን ወገን እንደሆኑም ይጠይቋቸውና ከፋይሉ ጎን በጽሑፍ ያኑሩት። ስሞቹ በየትኛውም ዲስክ ላይ አልተጻፉም።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእስክስታው ቦታ በተባለው መንገድ ተስተካክሏል። ሁለት ዲስኮች ግን አስቸግረውኛል። የአያታችን ተዝካር ያለበት ዲስክ ከመካከሉ ሲደርስ ይቆማል፤ ሌላው ደግሞ ማንበቢያው ውስጥ ሲገባ ባዶ ነው ይባላል። መብራት በመጥፋቱም የጀመርኩት ፋይል ተቋርጦ አልከፈትም ብሏል።

ምላሽ (የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ፣ አራዳ)

ስለ መብራቱ ልጀምር። የኤምፒ 4 ፋይል ማውጫውን የሚጽፈው ሥራው ሲያልቅ ስለሆነ መሐል ላይ ከተቋረጠ አይከፈትም። የላፕቶፕዎ ባትሪ ደካማ ከሆነ መጀመሪያ ኤምኬቪ በተባለው የፋይል ዓይነት ይሥሩት፤ እርሱ ቢቋረጥም እስከ ተጻፈበት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ይታያል። ዳታው ሳይለወጥ በኋላ ወደ ኤምፒ 4 ማሸጋገር ይቻላል። በዩኤስቢ የሚሰካው ማንበቢያም ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ መሆኑን አይርሱ።

የተዝካሩን ዲስክ በለስላሳና ንጹሕ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ይጥረጉት፤ ዙሪያውን አያዙሩት። በዙሪያ የሚፈጠር ጭረት በአንድ መስመር ላይ ያለ ብዙ ተከታታይ መረጃ ይሸፍናል፤ ቀጥ ብሎ የሚያልፈውን ጭረት ግን የዲስኩ የስሕተት ማረሚያ ሊሞላው ይችላል። ወረቀት የተለጠፈበት ከሆነ ለመላጥ አይሞክሩ፤ ንጣፉን ይዞት ሊነሣ ይችላል።

ከዚህ በኋላ በተራ መገልበጫ አይታገሉት። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የሚሠራው ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የተባለ ፕሮግራም ለዚህ የተሠራ ነው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይወስዳል፤ ከዚያ ወደ ተበላሹት ቦታዎች ተመልሶ ይሞክራል፤ የትኛው ክፍል እንደተነበበና የትኛው እንደቀረም በአንድ ትንሽ ፋይል ይመዘግባል። ያ መዝገብ እስካለ ድረስ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ዲስኩን በሌላ ማንበቢያ ውስጥ አስገብቶ በዚያው መዝገብ መቀጠል መቻሉ ነው፤ አንዱ ማንበቢያ ያቃተውን ሌላው ሊያነበው ይችላልና። ከጎረቤትም ከመሥሪያ ቤትም አሮጌ ኮምፒውተር ፈልገው ይሞክሩት። በመጨረሻ ጥቂት ሰከንድ ቢጎድል ቀሪው ተዝካር ይተርፋል።

ባዶ የተባለውን ዲስክ ወደ ብርሃን አዘንብለው ከታች በኩል ይመልከቱት። ከመሐሉ አካባቢ ጀምሮ ቀለሙ ጠቆር ያለ ቀለበት ከታየዎት ተጽፎበታል፤ የቀረው «ፋይናላይዝ» የሚባለው የመዝጊያ ሥራ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሲቻል በተቀረጸበት ካሜራ ወይም መቅረጫ ይዝጉት። መሣሪያው ከሌለ አይሶበስተር የተባለው ፕሮግራም ያልተዘጉ ዲስኮችን ይዘት ፈልጎ የማውጣት ችሎታ አለው፤ እስከዚያው በዲስኩ ላይ ምንም አዲስ ነገር እንዳይጻፍበት ለብቻው ያስቀምጡት፤ ላፕቶፑ ባዶ ነው ብሎ «ላዘጋጀው?» ብሎ ሲጠይቅም እሺ አይበሉት።