በብሪታንያ ባህላዊ ምግቦች እንግሊዝኛን ማስተማር፦ ለሰሜን ሸዋ ተማሪዎች ያዋጣል?

ጠያቂ፦ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። በደብረ ብርሃን ከተማ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በዚህ ዓመት የንግግርና የጽሕፈት ክፍለ ጊዜዎችን በብሪታንያ ባህላዊ ምግቦች ዙሪያ ማዋቀር ጀምሬአለሁ። ስለ ምግብ የሚናገረው የሌለው ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም፤ በዚያ ላይ አንድ የምግብ አሠራር መመሪያ ትእዛዝ አንቀጽን፣ ቅደም ተከተልን፣ የሚቆጠርና የማይቆጠር ስምን በአንድ ገጽ አጣምሮ ስለሚይዝ ሰዋስውን ከኑሮ ሳይለዩ ለማስተማር ይመቻል።

ችግሩ የመጣው ከጣዕሙ ላይ ነው። የምግቦቹን ሥዕል አሳይቼ ስማቸውን ሳስጠና ተማሪዎቹ ስሙን በቀላሉ ይይዙታል፤ ከዚያ አልፈው አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ስጠይቅ ግን ሁሉም «ዴሊሽየስ» ብለው ያቆማሉ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን አንድ ብልቃጥ ማርማይት ይዤ ክፍል ገባሁ። ማርማይት ከቢራ ጠመቃ ከሚተርፍ እርሾ የሚዘጋጅ፣ ጥቁርና ዝልግልግ፣ ጨው የበዛበት የዳቦ መቀቢያ ሲሆን፣ ማምረት የተጀመረውም በ1902 እ.ኤ.አ. በርተን አፖን ትሬንት በተባለችው የቢራ ጠማቂዎች ከተማ ነው። የቢራ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ላደጉ ልጆች የእርሾ ሽታ ብዙም እንግዳ እንደማይሆንባቸው ገምቼ ነበር። በዳቦ ላይ ስስ አድርጌ ቀብቼ አቀመስኋቸው። አንዲት ተማሪ ፊቷን አጨፍግጋ ከዋጠች በኋላ በእንግሊዝኛ የጻፈችው «ይህ የተቆጣ ጨው ነው» የሚል ነበር። ሌሎቹ በአብዛኛው «ኖት ጉድ» ብለው አልፈዋል። የዚህችን ልጅ ዓረፍተ ነገር እስካሁን በክፍሌ ከተጻፉት ሁሉ አስበልጠዋለሁ፤ ምላሷ ላይ ላረፈው ነገር የሚሆን ቃል አጥታ ካሏት ቃላት ራሷ ሠርታዋለችና።

እንግዲህ ምክራችሁን የምሻው በዚህ ነው። ማርማይት ሁልጊዜ አይገኝም፤ ዋጋውም በመምህር ደመወዝ የሚሞከር አይደለም። ከደብረ ብርሃን ገበያ በሚገኝ እህልና አትክልት ሊሠሩ የሚችሉ የብሪታንያ ምግቦች የትኞቹ ናቸው? የተማሪዎቻችንን ጾም ሳንነካስ እንዴት ማቅመስ እንችላለን?

መልስ፦ መምህርት፣ መሐል ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። እኔ ብሆን ከማርማይት ሳይሆን ከአጃ እጀምር ነበር። የብሪታንያ ደጋ፣ በተለይም ስኮትላንድ፣ እንደ መንዝ ሁሉ ስንዴ የማይደላበት፣ አጃና ገብስ የሚችሉት ብርዳም አገር በመሆኑ ነባሩ የገጠር ምግብ የእኛን ይመስላል። በጥንታዊው የስኮትላንድ ልማድ ፖሪጅ የሚሠራው የተከካ ወይም የተፈጨ አጃ በውኃና በጨው ብቻ እየተማሰለ ነው፤ ወተትም ሆነ ስኳር ግዴታው አይደለም። ተማሪዎቻችን አጃን በአጥሚት ያውቁታልና ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ልስላሴውና ስለ ጨው ማነሱ የሚሉት አያጡም። እንዲህ ከሆነ የሚቸግራቸው የእንግሊዝኛው ቃል እንጂ ሐሳቡ አይሆንም፤ መምህሩም ማሟላት የሚጠበቅበት ቃሉን ብቻ ነው። ይህ ምግብ የጾም መሆኑንም ልብ ይበሉልኝ።

ሁለተኛው «በብል ኤንድ ስኩዊክ» የሚባለው ነው። እንግሊዞች ከእሑድ ምሳ የተረፈውን የተቀቀለ ድንችና ጥቅል ጎመን አደባልቀው በመጥበሻ የሚጠብሱት ምግብ ነው። ድንቹ ይደቆሳል፤ ጎመኑ በቀጭኑ ይከተፋል፤ ሁለቱ ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ይደባለቃሉ፤ ከዚያም በጋለ ዘይት ላይ ተጠፍጥፎ በማንኪያ ጀርባ ይጫኑታል። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ሥሩ ቡናማ ሆኖ እስኪደርቅ ድረስ ሳይነኩ መተው፣ ከዚያ መገልበጥ፣ ያ የደረቀው ቅርፊት ወደ ውስጥ እንዲገባ እንደገና መጫን ያስፈልጋል። በክፍል ውስጥ በከሰል ምድጃ ስሠራው አንድ ተማሪ አጠገቤ ቆሞ የማደርገውን በእንግሊዝኛ ያዝዘኛል፤ እኔም ያዘዘኝን ብቻ እፈጽማለሁ። «ተርን ኢት» ማለት ሲገባው «ፑት ኢት ዳውን» ካለኝ መጥበሻውን እንዳለ መሬት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ክፍሉ ይስቃል፤ ያ ግስ ግን ከዚያ በኋላ አይረሳም። ሲቀምሱት ደግሞ ውጪው «ክሪስፒ» ውስጡ «ሶፍት» መሆኑን አንደበታቸው ራሱ ይለየዋል።

ሦስተኛው የአተር ነገር ነው። እንግሊዞች ደረቅ አተርን ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሌሊቱን ዘፍዝፈው፣ በማግሥቱ እስኪፈርስ ቀቅለው ከተጠበሰ ዓሣና ድንች ጋር ያቀርቡታል። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝም የአተር ክክ ተቀቅሎና ደቆ እንደ ወፍራም አልጫ ወጥ ይበላል። አተር የእኛም እህል ስለሆነ ወጪው ቀላል ነው፤ ሆኖም የእነሱን መመሪያ እንዳለ የሚከተል ሰው ይቸገራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ የሚፈላባት በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል አገር የተጻፈው የማብሰያ ጊዜ እዚህ አይበቃም። ይህን ለተማሪዎቹ ገልጨ መመሪያውን ለመንዝ እንዲያስተካክሉ አዝዣቸው ነበር። «ሃው ሎንግ ዳዝ ኢት ቴክ» የሚለውን ጥያቄ በትክክል የጠየቁትና የመለሱት፣ እናቶቻቸውን ጠይቀው በመጡበት በዚያ ሳምንት ነው።

ሥጋውን ለንባብ ይተዉት። ሀጊስ የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ ከአጃ፣ ከሽንኩርትና ከሞራ ጋር በበግ ጨጓራ ውስጥ የሚቀቀል የስኮትላንድ ምግብ ነው። የመንዝ ልጅ በግ ሲታረድ እያየ ያደገ ነውና አንቀጹን በጉጉት ያነበዋል፤ ከዱለት ጋር ለማወዳደርም መዝገበ ቃላት እስኪፈልግ አይጠብቅም። ሳንባው ላይ ሲደርስ የሚነሣውን ጫጫታ ግን አስቀድመው ይዘጋጁበት።

መልስ፦ መምህር፣ ሸዋ ሮቢት

የመሐል ሜዳዋን እኅቴን አሠራር አደንቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል።

የመጀመሪያው፣ በየመጽሐፉ የብሪታንያ ምግብ ተብሎ ቀድሞ የሚቀርበው ሙሉው የእንግሊዝ ቁርስ መሆኑ ነው። በውስጡ የአሳማ ሥጋና ቋሊማ አለ፤ ብዙ ጊዜም ከአሳማ ደምና ከአጃ የሚሠራው ጥቁር ቋሊማ ይታከልበታል። እኔ በማስተምርበት ቆላ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ፤ ይህ ማዕድ ደግሞ ለሁለቱም አይሆንም። ተማሪው ሥዕሉን ሲያይ ፊቱን ካዞረ የቀጠለው ትምህርት ጠፋ ማለት ነው። ስለ አሳማ ሥጋ ማንበብ ነውር ባይሆንም የመግቢያ ትምህርት ሊሆን አይገባውም እላለሁ። በማቅመስም ረገድ የጾም ምግብ መምረጥ ብቻውን አይበቃም። በረመዳን ቀን ሙስሊም ተማሪ ምንም አይቀምስም፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምሱ ክርስቲያን ልጆች አሉ። እነዚህን ልጆች ከዳር አስቀምጦ ሌላውን ማብላት ተገቢ ስላልሆነ በእነዚያ ወራት ማሽተትንና መንካትን ብቻ እጠቀማለሁ። ከሮቢት ገበያ ሎሚ፣ ሽንኩርትና ዝንጅብል አመጣለሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እያሸተቱ ሽታውን በእንግሊዝኛ ይገልጻሉ።

ሁለተኛው ስጋቴ ሰፋ ያለ ነው። ልጆቻችን የሰውን ምግብ ሲተርኩ ውለው ስለ ራሳቸው ምግብ በእንግሊዝኛ መናገር ካልቻሉ ትምህርቱ ግማሽ ነው። የአውራጃችን ታሪክ ራሱ ጥሩ መልመጃ ይሰጠናል። በ1841 እ.ኤ.አ. በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የብሪታንያ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ፣ በአንኮበርና በአንጎለላ እየተመላለሰ እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በሸዋ ቆይቷል። ተማሪው በዚያ ዘመን የእንግዶቹ አስተናጋጅ ሆኖ በሶን፣ ቆሎን፣ ጠላንና ሽሮን ለእንግሊዛዊው ያስረዳ፤ ሌላው ተማሪ እንግሊዛዊ ሆኖ ስለ አጃና ስለ አተር ይመልስ። ንግግር ማለት ጠያቂና ተጠያቂ ሲኖር ነውና ከዚህ የተሻለ የጥንድ ሥራ አላገኘሁም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስለ ምግብ አይጠይቅም የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ልክ ናቸው፤ ሂደትን የሚገልጽ ምንባብ ግን ይጠይቃል፤ ጠላ አጠማመቅን በተገብሮ ግስ መጻፍ የቻለ ልጅ ስለ ሲሚንቶ አመራረት የተጻፈውን ለመረዳት አይቸገርም።

መልስ፦ ሊድስ ኖሮ የተመለሰ፣ ደብረ ሲና

መምህር ባልሆንም በእንግሊዝ አገር ለዓመታት ስለኖርሁ አንድ ነገር ልጨምር። ለተማሪዎቹ የሚነገራቸው የመጽሐፍ ማዕድ ብቻ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። በ2001 እ.ኤ.አ. የወቅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮቢን ኩክ ቺክን ቲካ ማሳላን እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ሲሉ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ይህ ምግብ በዶሮ፣ በቲማቲምና በሕንድ ቅመም የሚሠራ ወጥ ነው። በርበሬ የለመደ ልጅ እንግሊዞች አልጫ ብቻ ይበላሉ ብሎ እንዳይደመድም ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል።

ባህላዊ ከተባሉት ውስጥ ለክፍል የሚመቸው ድንች ጥብስ ነው፤ ነገር ግን በአቼቶ መሆን አለበት። በሊድስ የዓሣና የድንች ሱቅ ውስጥ ሻጩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቅዎት «ሶልት ኤንድ ቪኒገር?» ብሎ ነው። አቼቶው ከገብስ ብቅል የሚሠራ፣ ቡናማና ከነጩ አቼቶ ለስለስ ያለ ነው፤ በትኩስ ድንች ላይ ሲፈስስ እንፋሎቱ አፍንጫ ይነዝራል። እዚህ በሚገኘው ነጭ አቼቶ ጥቂት ውኃ ጨምሮ መሞከር ይቻላል። ዓሣውን ቢተዉት ምንም አይጎድልም፤ ስለ እሱ የሚነገር ታሪክ ግን አይታለፍ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥጋ፣ ቅቤ፣ ስኳርና ሻይ በራሽን ሲታደሉ ዓሣና ድንች ከራሽን ውጪ ተደርገው ነበር፤ ራሽኑ በ1940 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ተማሪው እንግሊዝ ሁልጊዜ የጥጋብ አገር እንዳልነበረች ሲያውቅ ስለ ተራረፈ ድንችና ጎመን የተነገረውም ሌላ ትርጉም ያገኝለታል።

ለክርክር ደግሞ ስኮን ይጠቅማል። ስኮን ትንሽ ክብ ኬክ መሰል ዳቦ ሲሆን ለሁለት ተከፍሎ ማርማላታና ወፍራም የወተት ቅባት ይቀባበታል። የዴቨን ሰዎች ቅባቱ ይቀድማል ይላሉ፤ የጎረቤታቸው የኮርንዋል ሰዎች ማርማላታው ይቀድማል ብለው አይረቱም። በተራ ዳቦ፣ በማርማላታና በለውዝ ቅቤ፣ ማለትም በጾም ምግብ፣ ክፍሉን ለሁለት ከፍለው ያከራክሩ። ምክንያት መስጠትና መቃወም የሚያስለምድ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ማግኘት ከባድ ነው።

ጠያቂ፦ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሸዋ ሮቢቱ ወንድሜ ስለ ጾም ያነሣው ነገር አንድ ሐሳብ ሰጥቶኛል። እንግሊዞች ከጾማቸው መግቢያ በፊት ባለው ማክሰኞ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ለመጨረስ ፓንኬክ ይጋግራሉ፤ ዛሬ ጾሙን የማይጾመው እንኳ ፓንኬኩን በሎሚና በስኳር ይበላዋል። ይህ የእኛው ቅበላ ነው። በዚያው ሰሞን ባስተምረው ክርስቲያኑ የቅበላውን፣ ሙስሊሙ ከረመዳን በፊት በቤቱ የሚደረገውን ዝግጅት ለጓደኛው በእንግሊዝኛ ሊነግረው ይችላል ብዬ አስባለሁ። ይሁንና የብዙ ተማሪ ክፍል ስለሆነ እሳቱን እንዴት ልያዘው?

መልስ፦ መምህርት፣ መሐል ሜዳ

መምህር፣ እሳቱ አንድ ብቻ ይሁን፤ በበሩ አጠገብ፣ በውጭ በኩል ይቀመጥ። ሊጡን ከቤት አቡክተው ይምጡ፤ ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው የተበታተኑትን የአሠራር ዓረፍተ ነገሮች በቅደም ተከተል ያስተካክሉ፤ ቀድሞ የጨረሰው ቡድን መጥቶ ይጋግር። ተራ የሚጠብቁት የተጋገረውን እያዩ በኃላፊ ጊዜ ይጽፉታል። ከኦውንስና ከፓይንት ጋር እንዳይታገሉ ደግሞ መጠኑን አስቀድመው በሻይ ብርጭቆ ይለውጡላቸው፤ አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው። ስስ አድርጎ መጋገሩን ለልጃገረዶቹ ብቻ አይተዉት፤ በእኔ ክፍል መጀመሪያ ያሳረረውም በመጨረሻ አሳምሮ የገለበጠውም ወንድ ልጅ ነበር።