ከጳጉሜን 5 በኋላ ያሉትን ወራት እድራችን እንዴት ይጠቀምባቸው?

የእድር ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ከእድራችን አባላት አንዱ ባለፈው ዓመት የ22 ዓመት ልጃቸውን አጡ። ልጁ ራሱን እንዳጠፋ ሁላችንም ብናውቅም፣ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ስንቀመጥ «ድንገተኛ ሕመም ነው» ከማለት በቀር አንድም ሰው ጉዳዩን አላነሣም። ድንኳን ለመትከልና ንፍሮ ለመቀቀል ማንም አይቀድመንም፤ ልጁ በሕይወት ሳለ ትምህርቱን ሲተው፣ ከሰው ሲሸሽና ሌሊቱን ሲዞር እያየን ያለፍነውም እኛው ነን። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ካዩት አንዱ እኔ ነኝ።

ራስን ማጥፋትን የመከላከል ዓለም አቀፍ ቀን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 10፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5፣ ይታሰባል። በአብዛኛው የዘመን መለወጫ ዋዜማ ስለሚሆን፣ ሰው በዶሮና በቅቤ ገበያ ሲራወጥ ቀኑ ሳይታወቅ ያልፋል። የዓለም የአእምሮ ጤና ቀንም መስከረም መጨረሻ ላይ ስለሚውል፣ ጥቂት ሳምንታት ከተወራ በኋላ ከጥቅምት እስከ ነሐሴ ጸጥታ ነው። እድራችን ግን በየወሩ ይሰበሰባል። አንድ ባለሙያ ጋብዘን ብናስተምር ይበቃል? ወይስ ዓመቱን ሙሉ ልንሠራው የምንችለው ሌላ ነገር አለ?

የሥነ አእምሮ ነርስ

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የአንድ ቀን ትምህርት መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን በሥራዬ እንዳየሁት ጎረቤትን ዝም የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ አለማወቅ ሳይሆን በምን ቃል እንደሚጠይቅ መቸገሩ ነው። በአማርኛችን «ምነው ባልተፈጠርኩ»፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚሉት ንግግሮች በየዕለቱ የሚነገሩ ስለሆኑ፣ የምር የተጨነቀው ሰው ቃል ከምሬት ቃል ጋር ይደባለቅብናል። ንግግሩ እንቅልፍ ከማጣት፣ ከሰው ከመሸሽ፣ መጠጥ ወይም ጫት ከማብዛት፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ከማደል ጋር ሲመጣ ግን ሊታለፍ አይገባም።

ያን ጊዜ ለብቻ ሆናችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ «ጭንቀት ላይ እንዳለህ አያለሁ፤ ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል የሚለው ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም፤ ብዙዎች እንዲያውም ጥያቄውን ሲሰሙ እፎይ ይላሉ። «አዎ» ካለ፣ «አይዞህ፣ ያልፋል» ብላችሁ ወሬውን አትዝጉበት፤ ስለ ኃጢአትም አትስበኩት። አዳምጡት፣ ለብቻው አትተዉት፣ ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፤ ከዚያም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ። ጸበል የሚጠመቅ ከሆነ ሕክምናውን ሳያቋርጥ መጠመቅ እንደሚችል ንገሩት።

እድር ከማንም በላይ የሚችለው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት ሳምንታት እጅግ አስጊ ናቸው። ለወለደች ሴት ገንፎ ይዘን እንሄዳለን፤ ከአማኑኤል ለወጣ ሰው ግን በሩን የሚያንኳኳለት የለም፤ የሆስፒታሉን ስም እንኳ ስድብ አድርገነዋል። በየሳምንቱ ተራ ገብተው የሚጠይቁ ሁለት አባላት መመደብ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

የግብርና ባለሙያ፣ ከገጠር ወረዳ

ነርሷ ስለ ማራቅ በጻፉት ላይ ልጨምር። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑትን ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በየደረጃው ካገደች በኋላ፣ ከ1995 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች መጠን በሁለት ሦስተኛ ያህል ቀንሷል። ይህ የሆነው የሰው ሐዘን ስለጠፋ አይመስለኝም፤ የጭንቀቱ ጫፍ ብዙ ጊዜ አጭር ነውና፣ ያ ሰዓት ያለ አደጋ ካለፈ ብዙዎች በሕይወት ይቀጥላሉ። ስለዚህ በእኛ በኩል በየቤቱ አልጋ ሥር የሚቀመጠው ኬሚካል በቁልፍ እንዲያዝ በየስብሰባው እናሳስባለን። በተለይ አረም በሚበረታበት በክረምት አጥብቀን እንናገራለን።

ልጁን ያጣ አባት

በእድርዎ ስላለው አባት ልጻፍ፤ እኔም በዚያው መንገድ አልፌአለሁና። ከአርባው በኋላ የልጄን ስም የሚጠራልኝ ሰው አጣሁ፤ ሰዎች የሚያዝኑልኝ መስሏቸው ዝም አሉ። እኛ ያጣነውም ለዚሁ አደጋ የተጋለጥን ነን። ስብሰባውን ከማሰብዎ በፊት ወደ ቤታቸው ይሂዱ፤ ልጁ ምን ይወድ እንደነበር ይጠይቋቸው።

የእድር ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጠያቂ አባላቱን ተራ በመጪው እሑድ ለእድሩ ዳኛና ለጉባኤው አቀርባለሁ። ዛሬ ማታ ግን ወደ አባትየው ቤት እሄዳለሁ፤ ጉዳዩ በጉባኤ ፊት የልጃቸው ስም ተጠርቶ ይነሣ ወይስ ሳይጠራ የሚለውንም የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።