ታኮ በልታ አፏ እየነደደ ነው፣ ቶሎ መልሱልኝ!

ቤዛ፦ እባካችሁ ቶሎ! አዲስ የተከፈተ ታኮ ቤት ውስጥ ነን፣ የኮሪያና የሜክሲኮ ምግብ አቀላቅሎ የሚሠራ። እህቴ ሁለቴ እንደ ገመጠች አፌ ነደደ አለች። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣች፣ ባሰባት። እንባዋ እየወረደ ነው። ምን ልስጣት?

አቤል፦ ወተት።

ዳጊ፦ ውሃውን አስቁሚያት። በርበሬ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ውሃው አፏን ሁሉ ያዳርስበታል እንጂ አያጥብላትም። ወተት ወይም እርጎ አፏ ውስጥ ያዝ አድርጋ ታቆየው፣ የወተቱ ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ያነሳላታል። ወተት ከሌለ ሳወር ክሬም፣ ያን ኮምጠጥ ያለ ክሬም ጠይቂ፣ ታኮ ቤት አይጠፋም። እጇን በሳሙና ሳትታጠብ ዓይኗን እንዳትነካ!

ሰለሞን፦ ልጆች፣ የምትበሉትን ማወቅ ጥሩ ነው። ይህን ምግብ በሰፊው ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተጀመረው ኮጊ የተባለ የምግብ መኪና ነው። ሼፉ ሮይ ቾይ የኮሪያ ጥብስ በቶርቲያ፣ በታኮው ስስ ቂጣ፣ አድርጎ አቀረበ፣ ሰው መኪናው የት እንደሚቆም በትዊተር እያየ ይሰለፍ ነበር። የሚያቃጥለው ጎቹጃንግ ነው፤ በርበሬ፣ ሩዝና አኩሪ አተር አብረው የተብላሉበት ድልህ። ስለሚጣፍጥ መጀመሪያ አያስታውቅም፣ ቃጠሎው ኋላ ነው የሚመጣው። በትንሹ መጀመር ነበረባት።

ቤዛ፦ ጋሼ፣ ታሪኩን በኋላ አነበዋለሁ። ወተት አምጥተውላት ጠጣች። አሁን ደግሞ ከንፈሬን ይበላኛል እያለች ነው።

አቤል፦ ወተት ጨምሪላት።

ማሂ፦ እያለቀሱ መጨረስ ነው ደንቡ! አይዟት፣ ያልፋል። ከተረፈ አስጠቅልይልኝ።

ሰብለ፦ ቆይ ቆይ። በርበሬው ነው ያለሽ ማነው? ማቃጠል ሌላ፣ ማሳከክ ሌላ። አለርጂ አለባት? ታኮው ላይ ምን ነበር?

ቤዛ፦ ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር ምግብ አይስማማትም፣ እሱን እናውቃለን። ለዚህ ብለን የበሬ ሥጋውን ነው ያዘዝነው። ላዩ ላይ ቀይ የጎመን ክትፍ አለው፣ ኮምጠጥ የሚል።

ሰብለ፦ ኪምቺ ነው፣ የኮሪያ የተብላላ ጎመን! ኪምቺ ውስጥ ብዙ ጊዜ በጨው የተቀመጠ ደቃቅ ሽሪምፕ ይገባል፤ ከበርበሬው ጋር ስለሚዋሃድ በዓይን አይለይም። አስተናጋጁን ሳይሆን የሠራውን ሰው ጠይቂ። ሌላ ጉርሻ እንዳትቀምስ። ከንፈሯን፣ ምላሷን እዪ፣ አብጧል? ድምጿ ጎርንኗል? ትንፋሽ ካጠራት ወይም ካዞራት ለአለርጂዋ የያዘችውን የአድሬናሊን መርፌ ጭኗ ላይ ውጊያትና አምቡላንስ ጥሪ። ወተት ለዚህ አይሆንም።

ሰለሞን፦ ሽሪምፕ የማይገባበት ኪምቺም እኮ አለ።

ሰብለ፦ አለ፣ ጋሼ። በግምት ግን አይቀመጥም።

ቤዛ፦ ሼፉ ወጥቶ አዎ፣ አለው አለኝ። የላይኛው ከንፈሯ አብጧል፣ ጉሮሮዬን ያዘኝ እያለች ነው። መርፌው መኪና ውስጥ ነው

ሰብለ፦ አንቺ ከአጠገቧ እንዳትነሺ፣ ሌላ ሰው ሮጦ ያምጣው! አምቡላንስ አሁኑኑ ይጠራ። ትንፋሽ ካስቸገራት ትቀመጥ፣ ካልሆነ ትጋደም፤ ብቻ ቆማ እንዳትሄድ። መርፌውን ተወግታ ቢሻላትም ሐኪም ቤት መሄድ አለባት፣ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስባት ይችላል።

አቤል፦ ወተቱ አልሠራም እንዴ?

ማሂ፦ ቤዛዬ፣ መርፌው መጣ? አንድ ቃል ጻፊልን።